መጀመሪያ ያየሁት አየር ነበር

ትላንት ማታ ታናሽ እህቴ ለባዮሎጂ ፈተና ጠይቂኝ ብላ ደብተሯን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት፣ በየቦታው ቀስት የወጣለት የማይክሮስኮፕ ስዕል አለ እሱን ሸምድዳ ነው የመጣችው። አይፒስ፣ ኦብጀክቲቭ፣ ስቴጅ፣ ዲያፍራም፣ ኮርስ፣ ፋይን፣ አንዷንም አልሳተችም። ጎበዝ አልኳትና ነክተሽው ታውቂያለሽ ግን? ስላት "ኧረ የለም፣ ላብራቶሪው ተቆልፏል እኮ" አለችኝ። እውነቴን ነው ሆዴ ባር ባር አለ፣ ይሄን ምጽፈውም ለዛ ነው።

እኔም የተማርኩት እዚሁ መሃል ከተማ ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግረን ወደ አራት ኪሎ በእግር እንወጣ ነበር። ክፍላችን ውስጥ 60 ምናምን ነበርን፣ ሚሰራ ማይክሮስኮፕ ደሞ 3። የመጀመሪያው ቀን ሰልፍ ነበር፣ ተራሽ ሲደርስ ጎንበስ ትያለሽ፣ አንድ አይንሽን ጨፍነሽ ትንሽ ታያለሽ፣ ከኋላ "አየሽ? አየሽ?" ይሉሻል፣ አዎ ብለሽ ትወጫለሽ። እኔ ያየሁት የራሴን ሽፋሽፍት ነው። ግን አዎ አልኩ፣ ሁሉም አዎ ስላለ።

ቲቸራችን ገብቷቸው ነበር መሰለኝ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት በኋላ መቅረት ምትፈልጉ አምስት አምስት ሆናችሁ ኑ አሉን። መጀመሪያ ያስተማሩን አያያዙን ነው፣ አንድ እጅ አንገቱን አንድ እጅ ከስር፣ "አራስ ልጅ እንደምትይዢው" አሉኝ። መብራት ያለው አይነት አልነበረም፣ ከስሩ ትንሽዬ መስታወት አለችው፣ መስኮት ጋር ወስደን መስታወቷን ወደ ሰማዩ ብርሃን ማዞር ነው። ወደ ፀሐይዋ ግን በፍጹም፣ ሌንሱ ብርሃኑን ሰብስቦ አይን ያጠፋል። ጥሩነቱ መብራት ቢሄድም ትምህርቱ አይቆምም።

ከዛ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ "ሠ" የምትለውን ፊደል ቆርጠን ስላይድ፣ ጠፍጣፋዋ መስታወት፣ ላይ አደረግናት። በትንሿ ሌንስ፣ በ4ቷ ማለት ነው፣ አይናችንን ምናስጠጋበት አይፒሱ 10 ስለሆነ 40 ጊዜ ጎልታ ትታያለች፣ ቀና ስል ሠ ናት፣ ጎንበስ ስል ጠ ሆናለች! ስላይዱን ወደ ቀኝ ስገፋው ደሞ ወደ ግራ ትሄዳለች። ማይክሮስኮፕ ምስሉን ላይና ታቹንም ግራና ቀኙንም እንደሚገለብጥ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ እኮ፣ እጄ እስኪለምደው ግን ጊዜ ፈጀ። ወረቀቱ ራሱ ያልተፈተለ ባዘቶ ነው ሚመስለው፣ ቀለሙ ክሮቹ ላይ አንዳንድ ቦታ ይዟል አንዳንድ ቦታ ዘሎታል።

ቀጥሎ ሽንኩርት። ከቤት አምጡ ስለተባልን እማዬን ስጠይቃት "ትምህርት ቤት ወጥ ሊሠራ ነው እንዴ" ብላ ሰጠችኝ። ቀይ ሽንኩርት ስትሰነጠቅ በውስጠኛው በኩል በጥፍር ሚላጥ በጣም ስስ ነገር አላት፣ ለወጥ የከተፈ ሁሉ ያውቃታል። እሷን ስላይድ ላይ፣ ጠብታ ውሃ፣ ትንሽ አዮዲን፣ ከዛ ከላይ ከቨር ስሊፕ፣ ስሷ መሸፈኛ ብርጭቆ። እኔ ከቨር ስሊፑን ከላይ ዝም ብዬ ለቀቅኩት። ሳይ አንድ ልቅም ያለ ክብ ነገር አለ፣ ዙሪያው ወፍራም ጥቁር፣ መሃሉ ያበራል፣ ሴል ይሄ ነው ብዬ በደስታ ሳልኩት፣ ጓደኞቼም ከኔ እያዩ ሳሉት። ቲቸር አይተው ምንም አላሉም፣ የእርሳሴን ጫፍ ሰጥተው ከቨር ስሊፑን ቀስ ብለሽ ነካ አድርጊው አሉኝ። ነካ ሳደርገው ያ ሴል ተንሸራቶ ወደ ጎን ሮጠ። "ሴል ቤቱን ጥሎ ይሄዳል?" አሉ። የአየር አረፋ ነበር። ከቨር ስሊፕ በአንድ ጠርዙ ውሃውን አስነክተሽ አጋድመሽ ቀስ እያልሽ ነው ምታወርጂው፣ አየሩ በሌላው በኩል እየወጣ እንዲሄድ።

ሁለተኛው ላይ አየሁት። ረዘም ረዘም ያሉ ክፍሎች ግድግዳ እየተጋሩ፣ ልክ እንደ ሰፈራችን የቀበሌ ቤቶች፣ በያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ቡናማ ነጥብ። ኒውክለሱ ነው፣ የሴሉ ማዘዣ። መጽሐፉ ላይ ግን መሃል ላይ ነበር ሚሳለው፣ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ግድግዳ ተጠግተዋል። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ እርሳሴ መሃል ላይ ሊያደርገው ሲል ቲቸር "የት ነው ያየሽው? እዛው አድርጊው" አሉ። ቫኩዩሉ፣ ፈሳሽ የያዘው ከረጢት፣ መሃሉን ሞልቶት ሌላውን ወደ ዳር ስለሚገፋው ነው አሉን። ያቺ ነጥብ እስከዛሬ አትረሳኝም።

ከዛ ቸኮልኩ። ወደ ትልቁ ሌንስ፣ ወደ 40ው፣ አዞርኩና ትልቁን ማስተካከያ፣ ኮርሱን፣ ጠመዘዝኩት፣ ቀጭ አለ። በ40ው ላይ ሌንሱና ስላይዱ መሃል ያለው ክፍተት 1 ሚሊሜትር እንኳን አይሞላም፣ እዛ ላይ ትንሹን ማስተካከያ፣ ፋይኑን፣ ብቻ ነው ሚነካው። ሁሌ ከትንሿ ነው ሚጀመረው፣ በጎን እያየሽ ታቀራርቢያለሽ፣ በአይፒስ እያየሽ ታራርቂያለሽ። ቲቸር አልተቆጡኝም፣ ስባሪውን አንስተው ሌንሱን አስጠረጉኝና ሌላ አድርጊ አሉ። የተሰበረችው አንዲት ስስ ብርጭቆ ናት፣ እሷ እንዳትሰበር ተብሎ ማይክሮስኮፑ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ አመት ከሚያሳልፍ መቶዋ ብትሰበር እመርጣለሁ።

ሴል የሚለውን ስም ያወጣው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ በ1665 ያየው ቡሽ ነበር፣ የሞተ ስለሆነ ባዶ ግድግዳ ብቻ። እኔን የበለጠ ሚገርመኝ ግን ሊዌንሁክ ነው፣ የዴልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ሌንሱን ራሱ እየሞረደ የሐይቅ ውሃና ከጥርሱ የፋቀውን ቆሻሻ አይቶ የሚንቀሳቀሱ ፍጥረታት አገኘ። መርካቶ ጨርቅ ተራ የሆነ ሰውዬ ሱቁን ዘግቶ እንዲህ ሲያደርግ አስቡት።

ደሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጤና ጣቢያ ሰገራ ሰጥተን ተቀምጠን ስንጠብቅ፣ ከዛ "አሜባ ነው" ወይ "ጃርዲያ አለብሽ" ስንባል፣ ውስጥ ያለችው የላብራቶሪ ባለሙያ ያደረገችው እኮ ይሄንኑ ነው፣ ጠብታ፣ አዮዲን፣ ከቨር ስሊፕ፣ በ10ሩ ሌንስ ፈልጋ በ40ው አረጋግጣ። አረፋን ከሴል መለየት ለሷ መድኃኒት ሚታዘዝበት ነገር ነው። የወባ ደም ሲሆን ደሞ 100ው ሌንስ ላይ ዘይት ጠብ አድርጋ 1000 ጊዜ አጉልታ ነው ምታየው።

ለእህቴ ማይክሮስኮፕ የለኝም። ግን ደብተሩን ዘግተን ኩሽና ገባን፣ ሽንኩርት ሰነጠቅን፣ ስሷን ልጣጭ በጥፍሯ አወጣቻት፣ ከፎቶ ፍሬም ያወጣነው መስታወት ላይ በውሃ ጠብታ አደረግናት፣ ከብስኩት ማሸጊያ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ቆርጬ ሰጠኋት። በአንድ ጠርዙ፣ አጋድመሽ፣ ቀስ። የመጀመሪያው አረፋ በአረፋ ሆነ። ሁለተኛው ላይ ሁለት ቀሩ። ሶስተኛውን ስታወርድ ትንፋሿን ይዛ ነበር፣ መስታወቱን አምፖሉ ስር ይዘን አየነው፣ አንድም አረፋ የለውም።