ስቴንለስ በገበታ ጨው አይቀረጽም

ድሬዳዋ ውስጥ የቢሮና የበር ስም ብረት ላይ እቀርጻለሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ብረቱን በስቲከር ትሸፍኑና ፊደሉን ቆርጣችሁ ታነሳላችሁ። ከዚያ ጨው የሟሟበት ውሃ ውስጥ ከታችሁ ከቻርጀሩ ፖዘቲቭ ጋር ታያይዙታላችሁ፤ ኔጌቲቩን ደግሞ እዚያው ውሃ ውስጥ ካለ ሌላ ብረት ጋር። ያልተሸፈነው ቦታ ይሟሟል። መዳብ በኮፐር ሰልፌት ውሃ ከሆነ በ1 አምፔር 1 ሰዓት ውስጥ 1.2 ግራም ገደማ ይበላል።

ለመዳብ በገበታ ጨው ፋንታ ኮፐር ሰልፌት የሚባለውን ሰማያዊ ጨው ግዙ። ከፊደሉ የሟሟው መዳብ ኔጌቲቩ ላይ ይለጠፋል፣ ውሃው ሰማያዊ እንደሆነ ይከርማል። በገበታ ጨው ግን ብርቱካናማ አተላ ነው የምታተርፉት።

ጣጣው ስቴንለስ ላይ ነው። ሥልጠና ላይ "የገበታ ጨው ለሁሉም ይበቃል" አሉን። አይበቃም! ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ስስ የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። የገበታ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ያንን ሽፋን እዚህም እዚያም ይበሳዋል። ፊደሉ ፈንጣጣ እንደመታው ፊት ሆኖ ይወጣል። በሶዲየም ናይትሬት ስሠራ ጠርዙ ጥርት አለ። ናይትሬት ኤሌክትሪኩ ደከም ያለበትን ቦታ ብዙም አይነካም። ያንን ሥራ ዛሬም ለደንበኛ በኩራት አሳያለሁ።

ውሃው ግን ቢጫ ሆነ። ቢጫው ከስቴንለሱ የሟሟ ባለ ስድስት ቫለንስ የሚባል የክሮሚየም ዓይነት ነው፤ ካንሰር ያመጣል። ይህን ሥልጠናው ላይ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ጀሪካን ውስጥ አሽጌ የት እንደሚወገድ ልጠይቅ ቢሮ ሄድኩ። አንዱ ወደ ሌላው መራኝ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና። በመጨረሻ አንዱ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል "የጨው ውሃ አይደል እንዴ? ቦይ ውስጥ ድፋው" አለኝ። ቦዩ የሚወርደው ደቻቱ ወንዝ ነው! ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፣ የደፋችሁት ወደ ታች ይሰርጋል። ይህ ከተማ የሚጠጣው ደግሞ የጉድጓድ ውሃ ነው። ሳስበው አሁንም ደሜ ይፈላል።

እኔ አልደፋሁም። ቢጫው እስኪጠፋ የቫይታሚን ሲ ዱቄት ጨመርኩበት። ያኔ ክሮሚየሙ መርዙ በጣም ወደሚቀንሰው ባለ ሦስት ቫለንስ ይለወጣል። ቀጥሎ ኖራ ስትጨምሩ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ጓንት አድርጉ፣ በር ክፈቱ፤ ከኔጌቲቩ የሚወጣው ሃይድሮጅን እሳት ይይዛል። አተላውን እርጥብ እንዳለ ባልዲ ውስጥ አሽጋችሁ አስቀምጡ፤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ለስቴንለስ ዋጋ ስትጠሩ የቫይታሚን ሲውንና የኖራውን ወጪ ደምሩበት። ደንበኛው ውድ ነው ካለ ናስ አሳዩት።