የራግቢ ልጆች፦ የገና መልእክት ለወዳጆቼ

እንኳን ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ። በአገር ቤት ያላችሁም፣ በለንደን፣ በዋሽንግተን፣ በቴል አቪቭና በዱባይ የሥራ ፈረቃችሁን ከበዓሉ ጋር እያስታረቃችሁ የምታከብሩትም፣ በዓሉን የጤናና የሰላም ያድርግላችሁ።

ዘንድሮ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የእንግሊዝ ትምህርት ቤትና እዚያ ስለተማሩ ልጆች ነው። ይህ ከገና ጋር ምን ያገናኘዋል የምትሉ አትጠፉም። ገና በእኛ ዘንድ የጨዋታ በዓልም ነው፤ «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ተብሎ ጌታውና ሎሌው በአንድ ሜዳ ሩር ሲያሳድዱ ይውሉበታል። የራግቢ ትምህርት ቤትም ስሙን በዓለም ያናኘው የኳስ ጨዋታ ሲሆን፣ እዚያ ከተማሩት ልጆች መካከል አንዱ የእኛው የአፄ ቴዎድሮስ ልጅ፣ ደጃዝማች ዓለማየሁ ነው። (ለይቼ ካልጠቀስሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትምህርት ቤቱን በ1567 ያቋቋመው ሎረንስ ሸሪፍ የተባለ፣ ለንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ቤት ቅመማ ቅመምና ሸቀጥ ያቀርብ የነበረ ነጋዴ ነው። ዝናው የገነነው ግን ከ1828 እስከ 1842 ርእሰ መምህር በነበረው በአንግሊካኑ ቄስ በቶማስ አርኖልድ ዘመን ነበር። አርኖልድ ከልጆቹ በመጀመሪያ ሃይማኖትና ግብረ ገብ፣ ቀጥሎ ጨዋነት፣ ዕውቀትን ደግሞ በመጨረሻ ይጠብቅ ነበር፤ በትምህርት ቤቱ ጸሎት ቤት ራሱ እየሰበከ፣ የዕለት ተዕለቱን ሥርዓት የማስከበሩን ሥራ ለትልልቆቹ ተማሪዎች ሰጠ። ታናናሾቹም ለታላላቆቹ ክፍል ይጠርጋሉ፣ ዳቦ ይጠብሳሉ፣ ይላላካሉ። የባላባት ልጅ ሳይቀር በልጅነቱ ሎሌ ሆኖ፣ ሲያድግ ጌታ የሚሆንበት ሥርዓት ነበር። ከዚያ የወጡት ልጆች ግማሹን ዓለም ለማስተዳደር እንደተሠማሩ ስናስብ፣ ሎሌነቱንና ጌትነቱን ከየት እንደተማሩት ለመገመት አይከብድም።

ዓለማየሁን እዚያ ያደረሰው የመቅደላ ጦርነት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ እጃቸውን ላለመስጠት በገዛ ሽጉጣቸው ሲሞቱ የሰባት ዓመት ገደማ ልጅ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ፣ የእንግሊዝ ጦር ወደ ባሕር ዳርቻ ሲመለስ አብረው እየተጓዙ ሳለ መንገድ ላይ ዐረፉ። ከዚያ በኋላ ልጁን የያዘው አማርኛ አቀላጥፎ የሚናገረው፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ እየተባለ የሚጠራው ሻምበል ትሪስትራም ስፒዲ ነበር። በዚያው በ1868 በዋይት ደሴት ንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ፤ ዝነኛዋ ፎቶ አንሺ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮንም እዚያው ደሴት ላይ ፎቶ አነሣችው። ፎቶዎቹን አይታችኋቸው ይሆናል። አንገቱ ላይ ጌጥ ያሰረ፣ ጸጉሩ ያጠረ ትንሽ ልጅ ነው፤ ዐይኑን ከካሜራው ሸሸት አድርጎ፣ ፊቱ ላይ የፈገግታ ምልክት እንኳ ሳይታይ ተቀምጧል። ስፒዲ ደግሞ ከጎኑ የእኛን የጦር አለቃ ልብስ ለብሶ ይታያል። ልብሱ ካልቀረ ባለቤቱ የቀረበት ምክንያት ምን ይሆን እያልሁ ሁልጊዜ እገረማለሁ።

ስፒዲ ወደ ሕንድ ሲዛወር ልጁን ይዞት ሄደ፤ የእንግሊዝ መንግሥት ግን ዓለማየሁ እንደ እንግሊዝ መኳንንት ልጆች መማር አለበት ብሎ መልሶ አስመጣው። በእኔ ዕይታ ይህ ውሳኔ ለልጁ እንደ ሁለተኛ የወላጅ ሞት ነው፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ከሚያነጋግረው ሰው ተለየ። በቼልተናም ኮሌጅ ርእሰ መምህር በቶማስ ጄክስ-ብሌክ እጅ ተሰጠ፤ ሰውየው በ1874 የራግቢ ርእሰ መምህር ሆኖ ሲሾምም ዓለማየሁ አብሮት ወደ ራግቢ መጣ። (የዚህ ሰው እኅት ሶፊያ ጄክስ-ብሌክ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሴቶች ሕክምና እንዲማሩ የታገለችው ሴት ናት፤ ለብቻዋ መልእክት የሚገባት ሰው ስለሆነች ዛሬ በዚህ አልፋታለሁ።) ዓለማየሁ በቀለም ትምህርቱ አልሆነለትም፤ በራግቢም ደስተኛ አልነበረም።

እሱ እዚያ በነበረበት ጊዜ፣ በ1876፣ ማቲው ብሎክሳም የተባለ የቀድሞ ተማሪ ለትምህርት ቤቱ መጽሔት በላከው ደብዳቤ አንድ ታሪክ ተነገረ። ዊልያም ዌብ ኤሊስ የተባለ ልጅ ከሃምሳ ዓመት በፊት በእግር ኳስ ጨዋታ መካከል ኳሷን በእጁ አንሥቶ ሮጠ፣ የራግቢ ጨዋታም በዚያ ተጀመረ የሚል ነው። ብሎክሳም ራሱ ድርጊቱን በዐይኑ ያየ ሰው አልነበረም፤ ዌብ ኤሊስም ቄስ ሆኖ ኖሮ ቀድሞ በ1872 ሞቷል። ጨዋታው በጽሑፍ የሰፈረ ደንብ ያገኘው በ1845 ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠው ሲጽፉለት ነው። ቢሆንም ከእነዚያ ደንብ ጸሐፊዎች ይልቅ ደንብ ጣሰ የተባለው ልጅ ስም በረታ፤ ዛሬ የዓለም ዋንጫው የሚጠራው በስሙ ነው።

ከራግቢ የወጡ ሁሉ ትምህርት ቤታቸውን በፍቅር አያስታውሱትም። በኋላ ሉዊስ ካሮል በሚለው የብዕር ስም የታወቀው የሒሳብ ሊቅ ቻርልስ ዶጅሰን ከ1846 ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል ተምሮ፣ ምንም ቢሰጠኝ እነዚያን ዓመታት ደግሜ አላልፋቸውም ብሎ ጽፏል። ደራሲው ሰልማን ሩሽዲ በ1961 ከቦምቤይ ሲመጣም ሦስት ጥፋት ነበረብኝ ይላል፤ ባዕድ መሆኑ፣ በትምህርት ጎበዝ መሆኑና ጨዋታ አለመቻሉ። ከዓለማየሁ በኋላ ወደ ዘጠና ዓመት ገደማ አልፎም የመጀመሪያው ጥፋት ገና አልተሰረዘም ነበር ማለት ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቹ ሁሉ እኛን ይበልጥ የሚነካን ግን ኔቪል ቻምበርሌን ነው። ራግቢ የገባው በ1882፣ ዓለማየሁ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ ርእሰ መምህሩ ያው ጄክስ-ብሌክ ነበር። ይህ ልጅ አድጎ የገንዘብ ሚኒስትር በሆነበት ዘመን ጣሊያን አገራችንን ወረረ። ሰኔ 10 ቀን 1936 ባደረገው ንግግር በጣሊያን ላይ የተጣለውን ማዕቀብ ማስቀጠል እብደት ነው አለ፤ ከሃያ ቀን በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ጄኔቫ ላይ ቆመው ለመንግሥታቱ ማኅበር አቤት አሉ። ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆነ በኋላም በ1938 ከሙሶሊኒ ጋር ስምምነት ተፈራርሞ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር መንግሥቱ ጣሊያን በኢትዮጵያ ላይ ያላትን ገዢነት ዕውቅና ሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ጊዜ በባዝ ከተማ በፌርፊልድ ቤት ስደተኛ ነበሩ። ሰዎች ቻምበርሌንን የሚወቅሱት ሙኒክ ላይ ከሂትለር ጋር በተፈራረመው ስምምነት ነው፤ እኛ ግን ከሙኒክ የቀደመ ሒሳብ አለን። አንድ ርእሰ መምህር የአንዱን የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ በእጁ አሳድጎ፣ ሌላው የኢትዮጵያ ንጉሥ በስደት ሳሉ አገራቸውን ለጣሊያን ያጸደቀባቸውንም ልጅ ማስተማሩ በልቦለድ ቢጻፍ የተጋነነ ይባል ነበር።

ለፍርድ ሚዛን ያህል ዊልያም ቴምፕልንም ላንሣ። አባቱ የራግቢ ርእሰ መምህር የነበረ ሲሆን፣ እሱም እዚያው ተምሮ በ1942 የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። በማግስቱ ዓመት በእንግሊዝ ፓርላማ የመኳንንት ምክር ቤት ተነሥቶ፣ ናዚዎች አይሁድን ሲፈጁ ዝም ብለን ካየን በታሪክ፣ በሰው ልጅና በእግዚአብሔር ፊት ተጠያቂዎች ነን ብሎ ተናገረ። ከአንድ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለም ይወጣል።

ገጣሚው ሩፐርት ብሩክ ደግሞ ተወልዶ ያደገው እዚያው ራግቢ ነው፤ አባቱ የትምህርት ቤቱ መምህር ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ጋሊፖሊ ሲጓዝ በ1915 ታሞ ሞተና ስኪሮስ በተባለች የግሪክ ደሴት ተቀበረ። ከመሞቱ በፊት በጻፈው ዝነኛ ግጥም፣ በባዕድ አገር ብቀበር ያቺ የተቀበርሁባት ቁራጭ መሬት ለዘለዓለም እንግሊዝ ናት ይላል። ግጥሙን ባነበብሁ ቁጥር ዓለማየሁ ትዝ ይለኛል። የእሱን መቃብር የኢትዮጵያ መሬት ነው ያለ ገጣሚ አላጋጠመኝም፤ ቢኖርም ዊንዘር ቤተ መንግሥት ውስጥ ማን ሊሰማው?

ዓለማየሁ ከራግቢ በኋላ በ1878 ወደ ሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ እዚያም አልቀናውም። ወደ አገሩ መመለስ ይፈልግ ነበር፤ የሚሰማው ግን አላገኘም። በመጨረሻ ሊድስ ከተማ ውስጥ በአንድ መምህር ቤት ሆኖ ሲማር ሳንባውን ታመመ፤ መርዘውኛል ብሎ በመጠርጠሩም አንድ ጊዜ ሕክምና አልቀበልም አለ። ኅዳር 14 ቀን 1879 በ18 ዓመቱ ሞተ። ንግሥት ቪክቶሪያ በዕለት ማስታወሻዋ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ ብቻውን መሞቱን አንሥታ፣ ሕይወቱ የደስታ እንዳልነበረ ጻፈች። በዊንዘር በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲቀበር ያዘዘችም እሷው ናት።

የመታሰቢያው ጽሑፍ «እንግዳ ሆኜ ተቀበላችሁኝ» የሚለውን የማቴዎስ ወንጌል ቃል ይጠቅሳል። የጻፉት ሰዎች ሐዘናቸው እውነተኛ እንደነበር አልጠራጠርም። ነገር ግን እንግዳ ወዶ ይመጣል፣ ሲፈልግም ተነሥቶ ይሄዳል፤ ደጉ ባለቤትም ስንቅ ቋጥሮ እስከ ደጅ ይሸኘዋል። ይህን ልጅ የሸኘው የለም። ፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በ2007 አጽሙ እንዲመለስ ጠየቁ፤ ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሰጠው መልስ አጽሙን ለማውጣት ቢሞከር በአቅራቢያው ያሉ የብዙ ሰዎች መቃብር ይነካል የሚል ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ወር ለንደን ላይ ከራስ ጸጉሩ ቁራጭ ለኢትዮጵያ ተወካዮች ተሰጥቷል።

በእንግሊዝ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ዊንዘር ብትወጡ ደስ ይለኛል። ቤተ ክርስቲያኑ እሑድ እሑድ ለጸሎት እንጂ ለጎብኚ ክፍት ስላልሆነ ሌላ ቀን ምረጡ፤ መታሰቢያው ትንሽ በመሆኑም የት እንዳለ አስተናጋጆቹን ጠይቁ። ልጆቻችሁ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሉባችሁ ደግሞ በገና ዕለት ደውሉላቸው፤ በአማርኛም አናግሯቸው። መልካም የገና በዓል።