መደርደሪያ ላይ የከረመው ሺራዝ

ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ባርማን ሆኜ ስሠራ የገጠመኝ ነው። ኮምቦልቻ የቢራ ከተማ ናት፤ ፋብሪካውም እዚያው ነው። ወይን ግን ቶሎ አይወጣም፤ ውድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ጠያቂ የለውም።

አንድ ጊዜ ሁለት ጠርሙስ የአውስትራሊያ ሺራዝ፣ ማለትም በዚያ ስም ከሚጠራ የወይን ዘር የሚሠራ ቀይ ወይን፣ በስጦታ መጣልን። የባሮሳ ሸለቆ፣ በፈረንጅ 2010 የተለቀመ፣ «ካረጀ የወይን ተክል» የሚል የተጻፈበት። አንዱን ከኤስፕሬሶ ማሽኑ በላይ፣ አምፖል የሚበራበት መደርደሪያ ላይ አቆምኩት። ሌላው ካርቶኑ ውስጥ እንደተኛ ስቶር ገባ። ወይን በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ አቧራውን እየጠረግኩ፣ ዋጋው እየጨመረ ነው ብዬ ደስ ይለኝ ነበር።

ጥር ላይ ነው፣ የሠርግ ሰሞን። ደሴ ተወልደው ባሮሳ አጠገብ ባለችው የአውስትራሊያ ከተማ አደሌድ የሚኖሩ አንድ ሰው በነጋታው ለመብረር እኛ ጋ አደሩ። ጠርሙሱን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ይሄማ የሰፈሬ ነው! ክፈተው ልጄ» አሉኝ።

ቡሽ መንቀያውን ሳዞር ቡሹ እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ግማሹ ወደ ውስጥ ገባ። ቀድቼ ሳየው ቀይነቱ ለቆ ቡናማ ሆኗል፤ ሽታው የተቀቀለ ፕሪምና አቼቶ ነው። ሰውየው አልተቆጡም። እጃቸውን ዘርግተው መደርደሪያውን ዳሰሱት፤ ይሞቃል።

«ቆሞ ነው የከረመው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ።»

ቡሽ ወይኑ ካልነካው ይደርቃል፣ ከደረቀ አየር ያስገባል፣ ሙቀቱና መብራቱ ደግሞ ቀሪውን ይጨርሰዋል። ተኝቶ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ባለ ቦታ መቀመጥ ነበረበት። የፈረቃው አለቃ «ተከፍቷል፣ ሂሳብ ይጻፍ» ቢለኝም አልጻፍኩም። ያበላሸነው እኛ ነን፤ እንግዳ የኛን ጥፋት አይከፍልም።

ሁለተኛው ትዝ አለኝ። የስቶር ኃላፊዋን እትዬን ለምኜ ቁልፍ ተቀበልኩ። ስቶሩ ግማሹ መሬት ውስጥ ነው፤ ግንቦት ላይ እንኳ ከድንች ጆንያው ሥር ያለው ወለል ይቀዘቅዛል። ካርቶኑ እዚያው ጥግ ላይ ነበር።

ይሄኛው ቡሽ ሳይሰበር ወጣ፣ ጫፉ ወይን ጠጅ ቀለም ይዟል። ሰውየው የስልካቸውን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ኋላ ያዙልኝና «ቀስ፣ ቀስ በል» እያሉ ወደ ጆግ ገለበጥኩት። አተላው አንገቱ ጋ እንደ ጥቁር ክር ሲመጣ «በቃ!» አሉ፣ አቆምኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ተውነው።

ከዚያ ቀመስን። ያን የመሰለ ወይን ቀምሼ አላውቅም። መጀመሪያ ቁንዶ በርበሬ፣ ከዚያ የደረቀ ፕሪም፣ ከኋላ ደግሞ አዲስ ቆዳ የሚመስል ሽታ ነበረው። ታኒኑ፣ ማለትም እንደ ወፍራም ሻይ አፍ የሚያኮማትረው ነገር፣ አልጠፋም ግን ለስልሷል።

እየጠጡ ስለ ተክሉ አወሩኝ። ባሮሳ ውስጥ በፈረንጅ 1843 የተተከለ ሺራዝ ዛሬም ያፈራል፤ አፄ ቴዎድሮስ ከመንገሣቸው 12 ዓመት በፊት ማለት ነው። የአውሮፓን ወይን ሥሩን እየመጠጠ የፈጀው ፊሎክሴራ የሚባል ተባይ ደቡብ አውስትራሊያ አልደረሰም፣ ለዚያ ነው የተረፉት። የባሮሳ ወይን አምራቾች በፈረንጅ 2009 ባወጡት ደንብ «አሮጌ» ለመባል ቢያንስ 35 ዓመት ያስፈልጋል፤ ከ125 ያለፉት ለብቻቸው ስም አላቸው። ያረጀ ተክል ጥቂት ነው የሚያፈራው። ፍሬው ብዙ ጊዜ ትንሽ ስለሆነ ከጭማቂው አንጻር ልጣጩ ይበዛል፤ ቀለሙም ታኒኑም ያለው ልጣጩ ላይ ነው። ጥሩ ሰው ከሠራውና በደንብ ከተያዘ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የኛው ገና ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ያበላሸሁትን ጠርሙስ ሳስብ አሁንም ይቆጨኛል፤ ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ ተክል ሊሆን የሚችል ነገር በቡና ማሽን ሙቀት!

በነጋታው ቀይ ወይኖቹን በሙሉ አውርጄ ስቶር አስተኛኋቸው፣ የገቡበትን ቀን በወረቀት ለጥፌ። አለቃው «ታዲያ መደርደሪያው ባዶ ሊሆን ነው?» አለኝ። ባዶ ጠርሙሶች አጥቤ ደረደርኩለት። የዚያች ማታው መሐል ላይ ነው።