ቀይዋ መስመር

እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። በረንዳው ላይ አንጥፌ ከተጋደምኩ ሁለት ሰዓት አለፈ፤ የድሬ ሙቀት አይደለም ያስነሳኝ።

ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ነበር። በሴስና 172፣ በትንሿ የማስተማሪያ አውሮፕላን፣ ከአብራሪነት አስተማሪዬ ከካፒቴን ጋር ሰርኪት (ማረፊያውን እየዞሩ የመነሳትና የማረፍ ልምምድ) እየሠራን፣ መሬት ነክተን ወዲያው ስንነሳ ሦስተኛችን ነው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 3,800 ጫማ ገደማ ነው፤ ሙቀቱ ሲጨመርበት አየሩ ይሳሳል። የፍጥነት መለኪያው 60 ኖት ሲል በእውነት የምንሄደው ከ65 በላይ ነው፤ ጎማውም ያን ሁሉ ይሸከማል። ለዚህ ነው ካፒቴን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ «ተረከዝሽ ወለሉን ይንካ» የሚሉኝ። ፍሬኑ ያለው ፔዳሉ አናት ላይ ነው። እግር ወደ ላይ ከወጣ ጎማው እንደተያዘ መሬት ይመታል።

የግራ እግሬ ወጥቶ ነበር።

ስናርፍ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ተጎተተ፤ መሪው እጄ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ደንግጬ እግሬን ሳነሳ ስሮትሉን (የሞተሩን ጉልበት መቆጣጠሪያ) ገፍቼ ነበር፣ ፍጥነቱም ለመነሳት ደርሷል። «ቀጥዪ» አሉኝ፤ ተነሳን። ትንሽ ከፍ እንዳልን «አሁን የኔ ነው» አሉ። «የእርስዎ ነው» ብዬ ለቀቅሁ።

ሴስና ክንፉ ከላይ ስለሆነ በእኔ በኩል ያለው ጎማ በመስኮት ይታያል። አየሁት፤ ክብ ነው፣ ምንም አልሆነም። «ደህና ነው መሰለኝ» አልኩ። ካፒቴን ራሳቸውን ነቀነቁ። አየር ላይ ክብደት ስለማያርፍበት ነፋሱ የወጣም ጎማ ክብ ሆኖ ነው የሚታየው። ጎማው ተበላሽቷል ብለን እንድናርፍ ወሰኑ፣ ለታወር (ለበረራ መቆጣጠሪያው) ነገሩ። «ነዳጅ አለን፣ የሚያስቸኩለን የለም» አሉና የአደጋ ጊዜ መመሪያውን እንዳነብላቸው አዘዙኝ። ድምፄ እየተቆራረጠም ቢሆን አነበብኩ።

ፍላፑን (ከክንፉ ኋላ ወደ ታች የሚዘረጋውን ክፍል) ሙሉ በሙሉ አውርደው፣ ወደ ግራ ብንጎተት ቦታ እንዲኖረን ከመንደርደሪያው ቀኝ በኩል አመጡን። መሪውን ወደ ቀኝ አዙረው በደህናው ጎማ ብቻ አረፉ። የግራውን ክንፍ አንስተው እስኪበቃ ያዙት፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ግን ክንፉ አቅም አጣና ግራው ተቀመጠ። ያኔ ጎተተን። የቀኙን ፍሬን ለስለስ አድርገው እየያዙ አቆሙን፣ ሞተሩን አጠፉ። እዚያው መንደርደሪያው ላይ ወረድን፤ በዚያ ጎማ መንዳት ቸርኬውን መጨረስ ነው። የእሳት አደጋ መኪናው አጠገባችን ደርሶ ነበር። እስከዛሬ እንዲህ ያለ የእጅ ሥራ አላየሁም፤ እንዲያውም እኔ ባለማሳረፌ ደስ ብሎኛል።

እንቅልፌን የወሰደው ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መካኒኩ ጎማው ላይ የተቀባችውን ቀይ መስመር አሳየኝ። መስመሯ ከጎማው ወደ ቸርኬው ትሻገራለች፤ ጎማው ቸርኬው ላይ ከተንሸራተተ ሁለቱ ቁራጮች አይገጥሙም። አሁን ከአራት ጣት በላይ ተለያይተዋል። ጎማው ሲዞር ከመነዳሪውን አብሮ ጎትቶ የነፋስ መሙያውን ከሥሩ ቆርጦታል። ጠዋት አውሮፕላኑን ዞሬ ስፈትሽ መስመሯ ገጥማ ነበር? ወይስ ፈቀቅ ብላ? ላስታውስ ብሞክር ብሞክር የሚመጣልኝ ጥቁር ጎማ ብቻ ነው።

ማታ ገንደ ቆሬ አጎቴ ጋ ሄድኩ። ዕድሜውን ሙሉ ጎሚስታ ነው። ነግሬው ሳልጨርስ «ነፋስ አንሶት ነበራ!» አለ። «ነፋስ ያነሰው ጎማ ፍሬን ሲያዝበት ቸርኬው ላይ ይዞራል፤ የባጃጁም የሲኖትራኩም ያው ነው። አቦ፣ ጠዋት ማን ለካው?»

«አየሁት» አልኩት።

ሻዩን ቀዳልኝና ሌላ አልጠየቀኝም።

ነገ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተመድቤያለሁ። ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ገብቼ የነፋስ መለኪያውን ከመካኒኮቹ እቀበላለሁ።