ከሳንባው ጎን ያለው ልብ፦ የጨረር ሕክምና የጉዞ ማስታወሻ

የታላቅ ወንድሜ ካንሰር የበቀለው በግራ ሳንባው የታችኛው ክፍል ላይ ነው። በደረቱ መሃል ወዳሉት ንፍፊቶች በመዛመቱም በቀዶ ሕክምና ሊወጣ እንደማይችል፣ ነገር ግን ኬሞቴራፒና ጨረር በአንድነት ቢሰጡት የመዳን ተስፋ እንዳለው ሐኪሞቹ ነገሩን። የጨረር ማሽኑ የሚገኘው እኛ ካለንበት በጣም በራቀ ከተማ ስለነበር አስታማሚ ሆኜ አብሬው ተጓዝኩ። ለመንገድ ስንሰናዳ፣ የሪፈር ወረቀቱን የጻፈችው ሐኪም የባዮፕሲውንና የሲቲ ስካኑን ውጤት ካስረከበችን በኋላ፣ «የልቡንም ወረቀቶች ይዛችሁ ሂዱ፤ የቆየ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ቢሆን እንኳ አትተዉት» ስትል አጥብቃ አሳሰበችን።

መንገዱ ረጅም ነበር። ወንድሜ ሳሉ ጋብ ባለለት ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ያነሣ ነበር፦ «የታመመው ሳንባዬ ነው፤ የልቤን ወረቀት ምን ያደርጉታል?» የደም ግፊት መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ለረጅም ጊዜም ያጨስ ነበር። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከካንሰሩ ጋር አያይዞ አስቧቸው አያውቅም፤ እኔም ብሆን በቂ መልስ አልነበረኝም።

በደረስን ማግስት ያገኘነው የካንሰር ሐኪም ፋይሉን ከፍቶ መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ልቡ ነበር። «ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ይጨብጥዎታል? እግርዎ ያብጣል? ሌሊት ትንፋሽ አጥሮዎት ከእንቅልፍ ይነቃሉ? ስኳር አለብዎት?» እያለ አንድ በአንድ ጠየቀው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከነመጠናቸው ከመዘገበ በኋላ፣ አዲስ ኢሲጂ፣ የልብ አልትራሳውንድና የኮሌስትሮል ምርመራ አዘዘለት። ወንድሜ በመንገድ ሲያነሣው የነበረውን ጥያቄ እዚያው ደገመው፤ ሐኪሙም ሳይቸኩል አስረዳን። ጨረር ወደ እጢው ሲገባም ሆነ አልፎት ሲወጣ በመንገዱ ያለውን አካል ሁሉ ይነካል፤ እጢው በግራ ሳንባ ታች ሲሆን ደግሞ ልብ የሚገኘው እዚያው መንገድ ላይ ነው። ጨረሩ የደም ቧንቧዎችን የውስጥ ግድግዳ ያቆስላል፤ ብግነቱ ሲቆይ ጠባሳ ይሆናል። ከዚህም የተነሣ የልብ ሽፋን ተቆጥቶ ውሃ ሊቋጥር፣ የልብ ምት ሊዛባ፣ ልብን የሚመግቡት ቧንቧዎች ሊጠብቡ፣ ውሎ አድሮም የልብ ጡንቻ ሊደክም ይችላል። በሲጋራ ምክንያት ሳንባውን የታመመ ሰው ብዙ ጊዜ የልቡ ቧንቧዎችም አስቀድመው ስለተጎዱ፣ ጨረሩ የሚያርፈው ሙሉ ጤና በሌለው ልብ ላይ ነው።

ለብዙ ዘመን ልብ ጨረርን የሚቋቋም አካል ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ጉዳት ቢኖር እንኳ ከብዙ ዓመታት በኋላ የሚገለጥ ስለሆነ፣ የሳንባ ካንሰር ታማሚን የሚያሳስብ አይደለም የሚል አስተሳሰብም ሰፍኖ ቆይቷል። ይህን አመለካከት ካናወጡት አንዱ በአሜሪካና በካናዳ የተካሄደው አርቲኦጂ 0617 የተባለው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት መሠረት፣ የተለመደውን 60 ግሬይ (ግሬይ የጨረር መጠን መለኪያ ነው) ጨረር ያገኙት ታማሚዎች መካከለኛ የሕይወት ዘመን 28.7 ወር ሲሆን፣ ይበልጥ ይጠቅማል ተብሎ የታሰበውን 74 ግሬይ ያገኙት ግን 20.3 ወር ነበር። ልብ ላይ ብቻ ማሳበብ ባይቻልም፣ ልባቸው ብዙ ጨረር ያገኘ ታማሚዎች ዕድሜ አጥሮ መታየቱ ሐኪሞችን አስደነገጠ። ከዚያ ወዲህ የወጡ ጥናቶችም በሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ የልብ ችግር በጥቂት ዓመታት፣ አንዳንዴም በወራት ውስጥ ሊከሰት እንደሚችል አሳይተዋል። ይህን ስሰማ የሪፈር ወረቀቱን የጻፈችውን ሐኪም በልቤ አመሰገንኳት።

ቀጥሎ የዝግጅት ሲቲ ስካን ተነሣ። ወንድሜ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ አድርጎ ደረቅ ሰሌዳ ላይ ተንጋለለ፤ ማሽኑም በእያንዳንዱ ትንፋሽ እጢው የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ መዘገበ። ባለሙያዋ በደረቱና በጎኖቹ ላይ በመርፌ ጫፍ የምታህል ሰማያዊ ነጥብ ነቀሰችለት፤ በየቀኑ በትክክል በዚያው ቦታ እንዲተኛ የሚያደርጉት እነዚያ ነጥቦች ናቸው።

ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ ግን የሕክምናው ዕቅድ በኮምፒውተር ላይ ተዘርግቶ ያየሁበት ሰዓት ነው። የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያው እንድናይ ፈቀደልን። የወንድሜ ደረት በአግድም ተቆርጦ ይታያል፤ እጢው በቀይ መስመር ተከቧል፤ ልቡ በሌላ ቀለም ለብቻው ተከልሏል። በልቡ ፊት ለፊት እየተጠማዘዘ የሚወርደው ዋናው የግራ ደም ቧንቧ ደግሞ ቀጭን ሆኖ ለብቻው ተሥሏል። የመጀመሪያው ዕቅድ ላይ የጨረሩ ጥላ ይህን ቧንቧ በሰፊው ይሸፍነው ነበር። ባለሙያው የጨረሩን መግቢያ ማዕዘኖች አዛወረ፤ የእያንዳንዱን ማዕዘን ኃይልም አበላለጠ፤ ከዚያ በልቡ ላይ ያረፈው ጥላ ሲሳሳ በዓይናችን አየን። ሆኖም ከልብ የተነሣው ጨረር የትም አይጠፋም፤ ጥቂቱ ወደ ጤነኛው ሳንባ ይዞራል፤ ሕብለ ሰረሰርም ሊቀበል የሚችለው ጨረር ወሰን አለው። ሐኪሙ ልብን ለማዳን ሲል እጢውን በከፊል ያለ ጨረር አይተወውም፤ ባለሙያዎቹ በእነዚህ ሁሉ መካከል ሚዛን ለመጠበቅ ሲደክሙ ማየቴ በእጃቸው ላለው ሥራ ያለኝን አክብሮት ጨመረው።

እንዲህ ያለው ሕክምና እንደ ደንቡ በ30 ክፍል ተከፍሎ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት ይሰጣል። ማሽኑ ላይ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው፤ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ተራ በመጠበቅ ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ በደረታቸው ፔስሜከር፣ ማለትም የልብን ምት የሚያስተካክል መሣሪያ፣ የተተከለላቸው አንድ አባት ጎረቤታችን ሆኑ። ጨረር የመሣሪያውን አሠራር ሊያዛባ ስለሚችል፣ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት መሣሪያቸው እንደተመረመረና ጨረሩ በቀጥታ እንዳያርፍበት ዕቅዱ እንደተሠራ ነገሩን። ሌላ አስታማሚ ደግሞ እናቷ የልብ ሕመም ስላለባቸው ጨረሩን ቢተዉት ይሻል እንደሆነ ሐኪሙን ስትጠይቅ ሰማሁ። እሱም ሳይታከም የቀረ የሳንባ ካንሰር ከልብ ሕመማቸው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚጎዳቸው፣ የልብ ሕመም መኖሩም ዕቅዱን ይበልጥ ተጠንቅቆ ለመሥራት ምክንያት እንጂ ሕክምናውን ለመተው ምክንያት እንዳልሆነ ነገራት። የልብ ሐኪምና የካንሰር ሐኪም በአንድ ፋይል ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ሥርዓት በሁሉም የጨረር ሕክምና ቦታ ሊኖር ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ታማሚው በሁለቱ መካከል መልእክተኛ መሆን የለበትም።

ሳምንታቱ ሲገፉ ወንድሜን ድካም ተጫነው፤ ምግብ ሲውጥም ያቃጥለው ጀመር። ለእኔ የከበደኝ የትንፋሹን ነገር መለየት ነበር፤ ትንፋሽ ማጠር ከሳንባ፣ ከደም ማነስ ወይም ከልብ ሊመጣ ይችላልና። ነርሷ የምንከታተላቸውን ምልክቶች ነገረችን፦ ሲተኛ የሚብስና ቀና ብሎ ወደፊት ሲያጎነብስ ጋብ የሚል የደረት ውጋት፣ ሥርዓት የለሽ የልብ ምት፣ ራስን መሳት፣ የእግር እብጠት። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጠሮ ሳንጠብቅ እንድንመጣ፣ የደም ግፊት መድኃኒቱንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳያቋርጥ አስጠነቀቀችን። ሲጋራውን የተወውም እዚያው ነው፤ የልብ ሐኪሙ አሁን ማቆም ለልቡም ለሕክምናውም እንደሚጠቅም ሲነግረው፣ «ካንሰሩ ከያዘኝ ወዲያ ምን ዋጋ አለው?» ማለቱን ተወ።

ለመመለስ ስንነሣ ሐኪሙ በመንገድ ሳለን መኪናው በቆመ ቁጥር ወርዶ እንዲራመድ አዘዘው፤ ካንሰር ደምን ለመርጋት ስለሚያጋልጥ ረጅም ሰዓት መቀመጥ አይበጅም። አንድ እግሩ ብቻ ቢያብጥ ወይም ትንፋሹ በድንገት ቢያጥር በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል እንድንገባም አሳሰበን። በሰጠን ደብዳቤ ላይ ሳንባው የወሰደው ጨረር ብቻ ሳይሆን ልቡ የወሰደው አማካይ መጠንም ተጽፏል። የደም ግፊቱና የኮሌስትሮሉ ክትትል እንዲቀጥል፣ ስታቲን የተባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ መድኃኒት እንዲጀምርም ታዟል። ወደፊት የሚሰጠው ኢሚዩኖቴራፒ (የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያነሣሣ ሕክምና) አልፎ አልፎ የልብ ጡንቻን በብርቱ ሊያስቆጣ ስለሚችል፣ የመጀመሪያውን መርፌ ከመውሰዱ በፊት ኢሲጂና ትሮፖኒን የተባለው የልብ ጡንቻ ጉዳትን የሚያሳይ የደም ምርመራ ይደረግለታል። ቀጠሮው ተይዟል፤ ያን ዕለትም አብሬው እሄዳለሁ።