የጆርጂያ ድንጋይ፣ የሚኒሶታ ቤት

አጎቴ ሴንት ፖል ከመጣ ወዲህ ሐይቅና የገበያ አዳራሽ ማየት ሰልችቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብና ሲገነባ የኖረ ሰው ነው። ቅዳሜ ዕለት ካፒቶሉን፣ ማለትም የሚኒሶታ ግዛት ምክር ቤት ሕንፃን፣ ላሳየው ወሰድኩት።

እኔ ያን ሕንፃ የማውቀው በአብዛኛው ከውጭ ነው። ሰልፍ ሲኖር ከሐበሻው ጋር ደረጃው ላይ ቆሜ ጮኼ፣ ብርዱ ሲጠናብኝ ወደ መኪናዬ የምሮጥበት ቦታ ነው። አጎቴ ግን ገና ከመድረሳችን ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ።

"ይሄ እብነ በረድ የዚህ አገር አይደለም" አለኝ።

አልተሳሳተም። በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች በኩል ካለችው ከጆርጂያ የመጣ ነው፤ ሲመጣም ብዙ አነጋግሯል።

የሚኒሶታ የመጀመሪያው ካፒቶል በ1881 እ.ኤ.አ. ተቃጠለ። ሁለተኛው ቶሎ ተሠራ፣ ቶሎም ጠበበ። ለሦስተኛው ውድድር ወጣና በ1895 ካስ ጊልበርት የሚባል የሴንት ፖል አርክቴክት አሸነፈ። ያኔ ዝነኛ አልነበረም። በኋላ የኒውዮርኩን ዉልዎርዝ ሕንፃና የዋሽንግተኑን ጠቅላይ ፍርድ ቤት የነደፈው ግን እሱ ነው። ጊልበርት ጉልላቱን የሮሙን ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እያየ ነደፈው። ግድግዳው ደግሞ በነጭ የጆርጂያ እብነ በረድ ይልበስ አለ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ካለቀ ገና 30 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ጆርጂያ ደግሞ ከደቡቡ፣ ከጠላት ወገን ነበረች። ፕሬዝዳንት ሊንከን ለሰሜኑ ጦር ሲጠራ ቀድማ እጇን ያወጣችው ሚኒሶታ ናት። የመጀመሪያው ሬጅመንቷ (የጦር ክፍሏ) በ1863 በጌቲስበርግ ውጊያ ላይ ከራሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ጦር እንዲያቆም ታዞ ገባና አብዛኛው ሰው ሞቶ ወይም ቆስሎ ቀረ። ከዚያ የተረፉት ሰዎች አርጅተው ሳለ "የምክር ቤታችሁ ፊት ከደቡብ በመጣ ድንጋይ ይሠራል" ተባሉ። የአገሩ ድንጋይ ነጋዴዎችም የራሳቸው ጥቅም ስለነበረ አብረው ጮኹ።

በመጨረሻ ተደራደሩ። መሠረቱና ደረጃው የሚኒሶታ ግራናይት ሆነ። ለውስጡም ቢጫ መልክ ያለው፣ ከዚሁ ከሚኒሶታ የሚወጣው የካሶታ ድንጋይ ገባ። እብነ በረዱ ከጆርጂያ ጥሬውን እየመጣ እዚሁ በሚኒሶታ ሠራተኞች ተጠረበ።

ይህን ስነግረው አጎቴ ሳቀ። "ድንጋይ ምን አጠፋ?" አለ። እኔ ግን ለዘማቾቹ አደላለሁ። ጎረቤቱን ጦር ሜዳ ላይ የቀበረ ሰው ነጩ ድንጋይ ያምራል ስላሉት ብቻ ዝም አይልም። ቢሆንም ጊልበርት ልክ ነበር። በግራጫው ግራናይት ቢሠራ ኖሮ ያ ሕንፃ እስር ቤት ይመስል ነበር።

ሕንፃው በ1905 ተከፈተ። የፈጀውም 4.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ከመግቢያው በላይ በወርቅ የተለበጡ አራት ፈረሶች ሠረገላ ይጎትታሉ። ሠረገላውን ከሠሩት ሁለት ቀራፂዎች አንዱ ዳንኤል ቼስተር ፍሬንች ነው፤ የዋሽንግተኑን የሊንከን ሐውልት የቀረፀው። አየሩ ሲፈቅድ ጎብኚ እስከ ፈረሶቹ ድረስ ይወጣል። እኛም ወጣን። አጎቴ ለፈረሶቹ ግድ አልሰጠውም፤ ዞር ብሎ የጉልላቱን መጋጠሚያ ሲመረምር ቆየ።

እኔ የወደድኩት ምድር ቤቱን ነው። እዚያ በጀርመን ደንብ የተሠራ ምግብ ቤት አለ። ግድግዳውና ጣሪያው ላይ የጀርመንኛ አባባሎች ተጽፈዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመንኛ እንደ ጠላት ሲታይ ቀለም ቀብተው አጠፏቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ወጡ። የጆርጂያን ድንጋይ ተከራክሮ ያስገባ ቤት የራሱን ስደተኞች ቋንቋ በብሩሽ ማጥፋቱ ይገርማል። ከላይኛው አዳራሽ ይልቅ ይህ ክፍል ስለ ሚኒሶታ ብዙ ነግሮኛል።

ከመውጣታችን በፊት አጎቴ ውጭ ግድግዳው ላይ ነጣ ነጣ ያሉ ቁራጮች አሳየኝ። ከ2013 እስከ 2017 በተደረገው እድሳት የተተኩ ናቸው። የሚኒሶታ ክረምት እብነ በረዱን ሲያፈራርሰው ምትኩን ያመጡት ከዚያችው ከጆርጂያ ነው። እድሳቱ 310 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደፈጀ ስነግረው መጋጠሚያውን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና "ሥራው ግን ንጹሕ ነው" አለ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።