ቦቴዎቹ የቀሩበት ሳምንት

በአንድ ወታደራዊ ካምፕ የነዳጅና የጄኔሬተር ክፍሉን ስመራ የደረሰ ነው። ናፍጣ የሚያመጡልን ቦቴዎች ያለ አጀብ አይንቀሳቀሱም ነበር። በዚያ ሳምንት ጎርፍ ድልድይ ሰበረና ኮንቮዩ መንገድ ላይ ቀረ።

አዛዡ ማታ አስጠርተው "ያለን ናፍጣ ስንት ቀን ያቆየናል?" አሉኝ።

"አምስት ቀን፣ ጌታዬ።"

"ከመዝገብ ነው የምትነግረኝ? ሂድና ለካው!"

ውኃ ሲነካው ቀለሙ ወደ ቀይ የሚለወጠውን ቅባት የመለኪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ቀብቼ ወደ ታንከሩ ሰደድኩት። ሳወጣው ከታች አንድ ስንዝር ያህል ቀልቷል። ናፍጣ ብለን ስንመዘግብ የኖርነው ውኃ ነው። የቀረን ሦስት ቀን እንኳ አይሞላም። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ራዲዮው፣ ክሊኒኩ፣ የውኃ ፓምፑ ሁሉም በዚያ ታንከር የሚኖሩ ናቸው።

ያኔ ነው ናፍጣው የት እንደሚሄድ መጠየቅ የጀመርነው። ትልቁ ጄኔሬተር የቀኑን ማቀዝቀዣ ሁሉ እንዲችል የተመረጠ ነው፤ ሌሊት ግን ከአቅሙ ሩብ እንኳ አይጫንበትም። ዲዝል ሞተር እንዲህ ባነሰ ጭነት ለረጅም ሰዓት ሲሠራ በቂ ሙቀት አያገኝም፣ ናፍጣውም በደንብ ሳይቃጠል በጭስ ማውጫው ይወጣል። የዚሁ ምልክት የሆነውን፣ ከጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ የሚንጠባጠበውን ጥቁር ቅባት ለወራት በጨርቅ እየጠረግሁ አልፌዋለሁ።

አዛዡ ትልቁን አስጠፉና አስፈላጊዎቹን ብቻ በትንሹ ጄኔሬተር ላይ አስቀጠሉ። መጀመሪያ የጠፋው የራሳቸው ቢሮ ማቀዝቀዣ ነው። ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ብዙ ሰውም አጉረመረመ፤ ራዲዮው ግን አንድም ሰዓት አልተቋረጠም።

ኮንቮዩ በአራተኛው ቀን ገባ። የመጀመሪያው ቦቴ ሾፌር የፊት መስታወቱን የጥይት ቀዳዳ በጣቱ እያሳየኝ "ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ናፍጣ ምን ላይ ነው የሚያልቀው?" አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

በኋላ ሳነብ እ.ኤ.አ. በ2007 አፍጋኒስታን ውስጥ የአሜሪካ ጦር በየ24ቱ የነዳጅ ኮንቮይ አንድ ሰው ይሞትበት ወይም ይቆስልበት እንደነበር የራሱ የጦሩ ጥናት እንደሚገልጽ አየሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካው ጄኔራል ፓተን ታንኮችም እ.ኤ.አ. በ1944 ፈረንሳይን አቋርጠው ሲገሰግሱ ቤንዚን አልቆባቸው ቆመዋል። ጃፓን ደግሞ አብዛኛውን ነዳጇን ከአሜሪካ ነበር የምትገዛው፤ በ1941 በጋ ሲቆረጥባት የባሕር ኃይሏ የቀረውን ክምችት ይቆጥር ጀመር፣ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ በአሜሪካ ላይ ጦርነት ከፈተች። ይህን ሳነብ በዓይኔ የመጣው ያ የቀላ ዘንግ ነው።

መዝገቡ ላይ በየሰዓቱ የሚቃጠለው ሊትር የሚሞላበት ዓምድ ጨመርን። ታንከሩን በየሳምንቱ ራሴ እለካ ነበር። በቀጣዩ ወር በአራት ቦቴ ፋንታ ሁለት ጠየቅን።